በይፋት ቆላ ስለሚመረምሩ የእርሻ ሊቃውንትና ስለሚገባቸው ርዳታ

የይፋት ቆላ ከጣርማ በር ገደልና ከደብረ ሲና ቁልቁለት በታች ጀምሮ ወደ አዋሽ ሜዳ የሚወርድ ሙቅና ሰፊ አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በውርጭ ስትቀመጥ፥ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ በቆላ አየር ትኖራለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን የላይኛው ገበሬ ገብስና ባቄላ ሲዘራ፥ የታችኛው ማሽላ፥ ጤፍ፥ ሰሊጥና ማሾ ይዘራል፤ የሮቢና የጀውሃ ውሃ በሚደርስበት ቦታም ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ትምባሆም ለብዙ ዘመን ሲተከልበት የኖረ አገር ነው።

አገሩ እንዲህ በከፍታና በአየር የተለያየ በመሆኑ፥ ለደጋው የተመረመረ ዕውቀት ለቆላው አይበቃም። ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ገብስ የተገኘው ትምህርት ሮቢት ሲደርስ ዋጋ የለውም። ስለዚህ የቆላው ገበሬ የራሱ መርማሪ ያስፈልገዋል፤ መርማሪውም በበኩሉ የሚቀበለው፥ የሚያሠራውና የሠራውን ጽሑፍ አንብቦ የሚጠቀምበት ሰው ያስፈልገዋል። የወረዳ ሹማምንትና ሰፊ እርሻ ያላቸው ባለ ይዞታዎች በዚህ ነገር ውስጥ ያላቸው ድርሻ ትንሽ ይመስላቸው ይሆናል፤ ሲመረመር ግን ከሁሉ የበለጠ ሆኖ ይገኛል።

ማሾ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ይህ እህል ከተዘራ በሁለት ወር ወይም በሁለት ወር ተኩል የሚደርስ፥ ዝናብ በሚያጥርበት ቆላ የሚስማማ፥ ከጥራጥሬ ወገን በመሆኑም ለመሬት ኃይል የሚመልስ ነው። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ወረዳዎች ያለ ገበሬ ማሾን የሚያመርተው ከሁሉ ይልቅ ለገበያ ነው። እህሉ ወደ ውጭ አገር እየተላከ ገንዘብ የሚያመጣ ሆኖ፥ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚሸጡት አዝርዕት ወገን ገብቷል። በ2003 ዓ.ም. ከመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል «ራሳ» የተባለ የማሾ ዘር ወጥቶ ለገበሬ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ራሳ በዚያው በይፋት ቆላ የታወቀ የቦታ ስም ነው፤ ዘሩን በዚህ ስም መጥራት ለቆላው ገበሬ ክብር ነው።

ሆኖም ዘር ማውጣት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። በሐምሌ በስንተኛው ሳምንት ይዘራ፤ በመስመር ቢዘራ በመስመርና በመስመር መካከል ስንት ጣት ይተው፤ ከማሽላ ጋር አደባልቆ መዝራት ይሻላል ወይስ ለብቻው፤ ከታጨደ በኋላ ነቀዝ እንዳይፈጀው በምን ይቀመጥ፤ ይህ ሁሉ በሸዋ ሮቢት አፈርና በሸዋ ሮቢት ዝናብ ካልተመረመረ በቀር ከሕንድ አገር መጽሐፍ ተቀድቶ የሚገኝ አይደለም። የሽንኩርቱም ነገር እንዲሁ ነው። ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ የተባሉት ዘሮች ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቁ ናቸው፤ ዳሩ ግን በዚህ ሙቀት ውስጥ ስንት ጊዜ ይጠጡ፥ ስንት ማዳበሪያ ይጨመርላቸው የሚለውን የሚመልሰው በዚያው አፈር ላይ የተደረገ ሙከራ ነው።

ይህን የሚመረምሩት ሰዎች ከሩቅ አይመጡም። አንዳንዶቹ በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፤ አንዳንዶቹም በአማራ ክልል የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የደብረ ብርሃን የእርሻ ምርምር ማዕከል ሠራተኞች ናቸው። የሁለቱም መቀመጫ በደጋ ሲሆን ለቆላው ሥራ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳሉ። የሁለተኛ ዲግሪ የሚያጠና ወጣት መምህር ደብዳቤውን ይዞ ወደ ወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት ሲገባ ምን ይገጥመዋል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ብዙ ጊዜ ደብዳቤው ቁጥርና ማኅተም ተደርጎበት ወደ ቀበሌ ይመራል፤ ቀበሌውም «ፈቃደኛ ገበሬ ካገኘህ ሥራ» ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ መርማሪው ከነዘሩና ከነገመዱ ብቻውን ይቀራል።

የሙከራ መደብ እንደ ሌላ እርሻ አይደለም። መርማሪው ግማሽ ጥማድ የማይሞላውን መሬት በገመድ ከፍሎ ሠላሳ ወይም አርባ ትንንሽ መደብ ያወጣል። በአንዱ ማዳበሪያ ያበዛል፥ በሌላው ያሳንሳል፥ በሦስተኛው ጨርሶ አይጨምርም። ያልተጨመረበት መደብ ቀጥኖና ቢጫ ሆኖ ሲታይ፥ መሬቱን የሰጠው ገበሬ «ርስቴን አበላሸብኝ» ብሎ ያዝናል፤ ጎረቤቱም ይስቅበታል። ያ የቀጠነው መደብ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ዋጋ አለው፤ ሌሎቹ የሚመዘኑት በእርሱ ነውና። በአንድ ሌሊት የጎረቤት ከብት ገብታ ከአርባው መደብ ስድስቱን ብትበላ፥ የጠፋው የስድስት መደብ ማሾ ብቻ አይደለም፤ ማመዛዘኛው ስለሚፈርስ የአንድ ዓመት ድካም በሙሉ ይጠፋል። መርማሪውም እስከ መጪው ክረምት ይጠብቃል፤ የትምህርት ጊዜው ካለቀበትም ያገኘውን ጎደሎ ነገር እንደ ሙሉ አድርጎ ለመጻፍ ይፈተናል። ከዚህ ዓይነት ጽሑፍ የሚገኘው ጉዳት ከድንቁርና የከፋ ነው፤ ሐሰተኛው ቁጥር ታትሞ ለገበሬ ምክር ሆኖ ይመለሳልና።

በመስኖ በሚለማው መሬት ደግሞ የውሃ ተራ አለ። የውሃ አባቱ ተራውን የሚያከፋፍለው እንደ ልማዱ ነው፤ መርማሪው ግን ይህ መደብ በአምስት ቀን፥ ያኛው በስምንት ቀን ውሃ ያግኝልኝ ይላል። ሹሙ አንድ ቀን መጥቶ ከውሃ አባቱና ከጎረቤት ገበሬዎች ጋር ተቀምጦ ነገሩን ካላስረዳ፥ መርማሪው ለብቻው ይህን ፈቃድ ከቶ አያገኝም። ይህ ርዳታ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የግማሽ ቀን ጊዜ ብቻ ይጠይቃል።

ሹማምንቱ ግን በበኩላቸው የሚያቀርቡት ቅሬታ አለ፤ ቅሬታውም እውነት ነው። ሊቃውንቱ በየዓመቱ ረጅም የጥያቄ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ገበሬውን ከሥራው አቁመው ስንት በሬ አለህ፥ ስንት ልጅ ወለድህ፥ ባለፈው ዓመት ስንት ኩንታል አገኘህ እያሉ ይጠይቁታል። ገበሬው መልሱን ሰጥቶ፥ ቡናውንም አፍልቶ ይሸኛቸዋል። በማግስቱ ዓመት ሌላ ወጣት ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው ጠያቂ ያገኘው ነገር የት ደረሰ ቢባል መልስ የሚሰጥ የለም። እንዲህ ያለውን ነገር ደጋግሞ ያየ ሹም ደብዳቤ ሲቀርብለት ፊቱን ቢያጠቁር አይፈረድበትም።

የዚህ ጥፋት ሥር ግን በወጣቱ መምህር ልብ ውስጥ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ መምህር ማዕረጉ የሚያድገው በአብዛኛው በታወቁ መጽሔቶች ባሳተመው ጽሑፍ ቁጥር ነው፤ እነዚያም መጽሔቶች የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ለቀወት ወረዳ ጽሕፈት ቤት በአማርኛ ሁለት ገጽ ጽፎ ቢተው በማዕረጉ ላይ እምብዛም የሚጨምርለት ነገር የለም፤ ጊዜውን ግን ይወስድበታል። ሰው ደግሞ የሚቆጠርለትን ይሠራል። ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገር ስም ለማግኘት ሲሮጡ በደጃቸው ያለውን አንባቢ ማጣታቸው፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት ያደርጋቸዋል። እዚህ ላይ ወቀሳው ከመምህሩ ይልቅ ደንቡን ለሚያወጡት ይገባል።

በዚህ ላይ የማሳተሚያ ዋጋ ይጨመራል። በፊት አሳታሚዎች ገንዘብ የሚያገኙት መጽሔቱን ከሚገዛ አንባቢ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ገንዘብ የሌለው ቤተ መጻሕፍት ከዕውቀቱ ውጭ ይቀር ነበር። አሁን ብዙዎቹ ለአንባቢው በነጻ ከፍተው ዋጋውን ከጸሐፊው ይቀበላሉ። «ኔቸር» የሚባለው የታወቀ መጽሔት በ2013 ዓ.ም. ይህን መንገድ ለሚመርጡ ጸሐፊዎች ያወጣው ዋጋ ለአንድ ጽሑፍ 9,500 ዩሮ ነበር። ይህ ገንዘብ ለአንድ የኢትዮጵያ መምህር የብዙ ዓመት ደመወዝ ነው። ይኸው አሳታሚ በ2015 ዓ.ም. ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆኑ አገሮች ለሚመጡ ጽሑፎች ዋጋውን እንደሚተው አስታወቀ፤ ሌሎችም አሳታሚዎች ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። ነገር ግን ምሕረቱ መኖሩን የማያውቅ ጸሐፊ አይጠይቅም፤ የሚያውቀውም ደንቡ በእርሱ ላይ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረው ሰው ካላገኘ ይተወዋል።

ወደ ንባብም ቢመጣ ነገሩ ይህንኑ ይመስላል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ «አጎራ» በሚባል ዝግጅት የእርሻ መጽሔቶችን ለድኻ አገሮች የዕውቀት ቤቶች ይከፍታል፤ ኢትዮጵያም በነጻ ከሚያነቡት ወገን ናት። ይህ በር ተከፍቶ ሳለ የሚገባበትን ቁልፍ ያላገኘ መምህር ቢኖር፥ የሚወቀሰው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እንጂ አሳታሚው አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በዚህ ችግር መካከል የሚነግዱት ሰዎች ሥራ ነው። መጽሔት ነን ብለው ስም አውጥተው፥ ገንዘብ ከተከፈላቸው ማናቸውንም ጽሑፍ ሳይመረምሩ በሳምንት ውስጥ የሚያትሙ አሉ። ጄፍሪ ቢል የተባለ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ የእንዲህ ያሉትን ስም እየመዘገበ እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ለሕዝብ ሲገልጽ ኖሯል። ማዕረግ የሚጠብቅ ወጣት፥ ደግ መካሪ ከሌለው፥ የወር ደመወዙን ለእነዚህ ሰጥቶ የድካሙን ፍሬ በማንም በማይታመን ወረቀት ላይ ይጥለዋል። በሸዋ ሮቢት መሬት ላይ ሁለት ክረምት የፈጀ እውነተኛ ሙከራ በእንዲህ ዓይነት ቦታ ቢወጣ ከሐሰተኛው ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል።

የዕውቀት ማኅበሮች ሊቃውንትን ሲረዱ መሳሳታቸው አዲስ ነገር አይደለም። በለንደን ያለው ሮያል ሶሳይቲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1686 ስለ ዓሣዎች የተጻፈ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አሳተመ፤ መጽሐፉም ሳይሸጥ ቀረ። በማግስቱ ዓመት ኒውተን ስለ ፍጥረት ሕግ የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ሲቀርብ ማኅበሩ የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውምና፥ የማኅበሩ ጸሐፊ ኤድመንድ ሃሊ ከራሱ ኪስ ከፍሎ አሳተመው። ማኅበሩም ለሃሊ ደመወዝ የሚሰጠው ቢያጣ ያልተሸጡትን የዓሣ መጻሕፍት ሰጠው። ዛሬ ዓለም የሚያስታውሰው ማኅበሩ የከፈለበትን ሳይሆን ሃሊ የከፈለበትን መጽሐፍ ነው።

ባገራችንም ለሊቃውንት ርዳታ መስጠት ከጥንት የታወቀ ነው። የቤተ ክህነት ተማሪ በመንደር እየዞረ ለምኖ ሲማር፥ መምህሩ ደግሞ በደብሩ መሬትና በመኳንንቱ ድርጎ ይኖር ነበር። በይፋትም በኩል የእስልምና ሊቃውንት ደረሶቻቸውን ሲያስተምሩ የመንደሩ ሰው እህል ያዋጣላቸው ነበር። ለሊቅ የሚገባው ነገር ሁለት መሆኑን አባቶች አሳምረው ያውቁ ነበር፤ አንደኛው መብልና ማደሪያ ነው፥ ሁለተኛው በሰላም የሚያልፍበት ቃል ነው። በ1919 ዓ.ም. ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባለው የሩስያ የዕፀዋት ሊቅ ዘር ለመሰብሰብ ወደ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ፥ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋግረውት በየአገሩ እንዲያልፍ ፈቃድ ሰጡት። በዚያ ፈቃድ በበቅሎ ተጉዞ የስንዴና የገብስ፥ የጤፍና የሌላም እህል ዘር በብዙ ሺህ ሰበሰበ፤ ኢትዮጵያም በዓለም ላይ አዝርዕት ከተገኙባቸው ዋና ዋና አገሮች አንዷ መሆኗን ለዓለም ሊቃውንት አስረዳ። በ1934 ዓ.ም. በብርዱ ወራት ሌኒንግራድ በጀርመኖች ተከባ ሕዝቡ በረኃብ ሲያልቅ፥ የዘሩ ቤት ጠባቂዎች እህሉን ከመብላት ይልቅ በረኃብ መሞትን መረጡ። ቫቪሎቭ ራሱም በገዛ መንግሥቱ ታስሮ በ1935 ዓ.ም. በወኅኒ ሞተ።

ይህ ታሪክ ሌላም ፊት አለው። ቫቪሎቭ የሰበሰበው ዘር በሌኒንግራድ ቆየ፤ ለኢትዮጵያ ገበሬ ግን ያን ጊዜ የተመለሰለት ነገር አልነበረም። ኢትዮጵያ የራሷን የዘር ማከማቻ ያቆመችው ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይታ፥ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የይፋትም ዕጣ ይህን ይመስላል። በአሥራ አራተኛው ምዕተ ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አል ዑመሪ የሚባለው የደማስቆ ጸሐፊ ከዚህ አገር የሄዱትን ሰዎች ጠይቆ ስለ ይፋት መንግሥት፥ እህሉንና ፍሬውን ሳይቀር፥ በዐረብኛ ጻፈ። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህም የፈረንሳይ የታሪክ መርማሪዎች በይፋት ተራሮች ጫፍ እንደ ኖራና እንደ አስባሪ ያሉትን የፈረሱ የእስላም ከተሞች፥ መስጊዳቸውንና መቃብራቸውን ለክተው ጻፉ፤ ጽሑፋቸውም በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ታትሟል። ሥራቸው የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን በእነዚያ ፍርስራሾች አጠገብ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ስለ ቦታው የተጻፈውን ለማንበብ ሁለት የባዕድ ቋንቋ መማር አለበት። ስለ ይፋት የሚያውቀው ካይሮና ፓሪስ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ግን አታውቅም።

ርዳታ ያልተደረገለት ሊቅ ምን እንደሚደርስበት ከዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ መረዳት ይቻላል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፥ ከታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች መሆናቸውን ያውቅ ነበርና፥ እንዶድ የድኻ አገር መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል አስቦ ብዙ ዘመን መረመረ። የውጭ አገር ድርጅቶች ግን በኢትዮጵያ የተደረገውን ሙከራ አንቀበልም፥ በታወቁ ላቦራቶሪዎች ይደገም እያሉ ነገሩን ለብዙ ዓመት አጓተቱት። በ1982 ዓ.ም. እርሱና ባልደረባው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት የገበሬውን ዘር በገበሬው ማሳ ጠብቆ ለማቆየት የደከመው የዘር ሊቁ ዶክተር መላኩ ወረደም ይህንኑ ሽልማት አግኝቷል። ሽልማቱ የመጣው ከስዊድን አገር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ርዳታ የተደረገለትስ ምን ይሠራል? ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የድኻ ገበሬ ልጅ ሆኖ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያም በዓለማያ ኮሌጅ በ1965 ዓ.ም. ተመርቆ በአሜሪካ አገር ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ስለ ማሽላ ጥናቱን ፈጸመ። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ለማግኘት ከባልደረቦቹ ጋር ብዙ ዓመት ደከመ። ጎብዬና አብሽር የተባሉት አቀንጭራን የሚችሉ የማሽላ ዘሮች በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ገበሬ ወጡ፤ እርሱም የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸላሚ መሆኑ በ2001 ዓ.ም. ተነገረ። አቀንጭራ የማሽላን ሥር እየመጠጠ ደረቅ አገዳ ሲያደርገው ያየ የቆላ ገበሬ የዚህን ሥራ ዋጋ ያለ አስረጅ ያውቃል። ይህ ሰው አዳሪ ትምህርት ቤት ባይቀበለው፥ ኮሌጁ ባይልከው፥ ዩኒቨርሲቲው ለሃያና ለሠላሳ ዓመት በአንድ ጥያቄ ላይ እንዲቆይ ባይተወው ኖሮ፥ ስሙን የሚያውቅ አይኖርም ነበር። በአንድ ጥያቄ ላይ ረጅም ዘመን መቆየት ለእርሻ መርማሪ ከገንዘብ የሚበልጥ ርዳታ ነው። በየሁለት ዓመቱ የገንዘብ ምንጩ እየተለወጠ ዛሬ ማሾ፥ ነገ ሽንኩርት፥ ከነገ ወዲያ ንብ እንዲመረምር የሚገደድ ሰው ግን አንዱንም ሳይጨርስ ያረጃል።

እንግዲህ በይፋት ቆላ ሊደረግ የሚቻለው ነገር እጅግ የራቀ አይደለም። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ለመርማሪ ፈቃድ ሲሰጥ በምላሹ አንድ ነገር ሊያስፈርመው ይገባል፤ ይኸውም ሥራው በተፈጸመ በስድስት ወር ውስጥ፥ ጽሑፉ በመጽሔት ይውጣ ወይም አይውጣ፥ ያገኘውን በአማርኛ ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ጽፎ ለወረዳው፥ ለቀበሌውና መሬቱን ለሰጠው ገበሬ እንዲያስረክብ ነው። ሙከራው ባይሳካለትም እንዲሁ ይጻፍ። ነቀዝን ይከላከላል የተባለ መድኃኒት በሮቢት ሙቀት እንደማይሠራ መታወቁ፥ ሌላው ገበሬ ገንዘቡን እንዳያባክን ያድነዋልና፥ መጽሔቶች ግን እንዲህ ያለውን ያልተሳካ ነገር ማተም አይወዱም።

ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ያንን ሁለት ገጽ በመምህሩ ማዕረግ ላይ ሊቆጥርለት ይገባል። ይህ ካልሆነ የወረዳው ፊርማ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። በዚያን ጊዜ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በመንግሥት ገንዘብ የተደረገ ጥናት ለሁሉ ክፍት ሆኖ እንዲቀመጥ የሚያዝ መመሪያ አውጥቷል፤ መመሪያው ግን በኮምፒዩተር የተቀመጠ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲነበብ ለማን እንደሚጠቅም አላሰበበትም ብሎ መከራከር ይቻላል። በአማርኛ ማተም ዕውቀትን ያዋርዳል የሚሉም አሉ። በአዲስ አበባ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የሚወጣው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት የአማርኛ ጽሑፍን ከእንግሊዝኛው ጋር ሲያትም ኖሯል፤ በዚህም ክብሩ ሲቀነስ አልታየም። የእርሻ መጽሔቶች ከዚህ ሊማሩ ይችላሉ፤ ቢያንስ ከእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ራስጌ የአማርኛ ማጠቃለያ፥ በቆላው ክፍል ደግሞ አፋርኛና ኦሮምኛ የሚናገር ብዙ ስላለ በእነርሱም ቋንቋ ቢጨመር መልካም ነው።

የእርሻ ሙያ ማኅበሮችም በየዓመቱ በአዲስ አበባ አዳራሽ ተሰብስበው ጽሑፍ ከማስነበብ አልፈው አንድ ሸክም ቢሸከሙ ይበቃቸዋል። ይህም በክፍለ ሀገር ላለ ለእያንዳንዱ ጀማሪ መርማሪ አንድ ያረጀ ሊቅ መድበው፥ ጽሑፉን ከመላኩ በፊት እንዲያነብለት፥ ከሐሰተኛው መጽሔት እንዲያስጠነቅቀው፥ የዋጋውን ምሕረት እንዴት እንደሚጠይቅ እንዲያሳየው ማድረግ ነው። ጡረታ የወጡ የእርሻ ሊቃውንት በየቤታቸው ተቀምጠው ይህን የመሰለ ሥራ የሚጠይቃቸው አጥተዋል።

ሰፊ እርሻ ያላቸው ባለ ይዞታዎችም ድርሻ አላቸው። ከመሬታቸው አንድ ጥማድ ለሦስት ክረምት ለሙከራ ቢተዉ፥ አጥር ቢያጥሩበትና ዘበኛ ቢያቆሙበት፥ ትርፉ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእነርሱ ነው፤ ሙከራው በገዛ አፈራቸው ላይ ነውና። ድኻው ገበሬ ግን መሬት ሲሰጥ ያልበቀለውን ምርት ዋጋ ሊከፈለው ይገባል። ግማሽ ጥማድ ያለው ሰው ከእርሱ ላይ ለሊቅ ሲሰጥ የሚሰጠው የልጆቹን እህል ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚከፈለው አመሰግናለሁ ብቻ ነው።

ስለ መዝገብም ማሰብ ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ አጣዬ ተቃጠለች፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳርም ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ቅጅ ብቻ የተቀመጠ ጽሑፍ ምን ዋስትና እንዳለው ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የሙከራ ጽሑፍ አንድ ቅጅ በሸዋ ሮቢት፥ አንድ ቅጅ በደብረ ብርሃን፥ አንድ ቅጅ በአዲስ አበባ ይቀመጥ።

የዝናብ መዝገብም ከዚሁ ጋር ይሂድ። በየቀበሌው አንድ የዝናብ መለኪያ ተተክሎ፥ ጽሑፍ የሚያውቅ የትምህርት ቤት መምህር ወይም ተማሪ በየማለዳው ልኩን በደብተር ቢጽፍ፥ መርማሪው ሲመጣ ከሜዳ አይጀምርም። ወጪው የአንድ ደብተርና የአንድ መለኪያ ዋጋ ነው። ማሾ የሚዘራው በሐምሌ በመሆኑ መለኪያው በሰኔ ወር ውስጥ ቢተከል የዘንድሮው ክረምት አያመልጥም፤ ደብተሩም በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሆኖ ቅጅው በየወሩ መጨረሻ ወደ ወረዳው የእርሻ ክፍል ይላክ።